ስም ይጻፍበታል?

ልጄ ሩት ዘንድሮም ለገና ከኮምቦልቻ ስትመጣ ሁለት ፌስታል ሙሉ ስጦታ ተሸክማ ነው። ደሴ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤታችን ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘረገፈችው። ለአክስቶቿ ሻርፕ፣ ለልጆቹ ሲነኩት የሚዘፍን የላስቲክ ዛፍ፣ ለእናቷ ደግሞ ፔርሙዝ። ቤት ያሉት ሦስት ፔርሙዞች ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል፤ ይኸ አራተኛ መሆኑ ነው።

«ጌታ የተወለደው በረት ውስጥ ነው እንጂ ሱቅ ውስጥ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ስብከቱን ኋላ ታደርሰዋለህ። መጀመሪያ ስም ጻፍልኝ፤ የመምህር ጽሑፍ ያምራል» አለችና እስክሪብቶ አስጨበጠችኝ።

አሁን አሁን ከመጠቅለያው ጋር ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አብሮ ይሸጣል። «ለ» ይልና ባዶ መስመር ይከተለዋል። ያንን ባዶ መስመር ሳይ ይታይሽ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች «የጸሎት ጓደኛ» የምንለው ልማድ ነበረን። ከገና ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ የሁላችንም ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፍና ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ እያንዳንዱም አንድ ያወጣል። ለደረሰህ ሰው፣ ለማንም ሳትናገር፣ ስትጸልይለት ትከርማለህ። የገና ዕለት ከሰዓት ክብ ተሠርቶ ሁሉም የጸሎት ጓደኛውን ይገልጣል። መጀመሪያ ነገሩ ይኸው ብቻ ነበር። ኋላ አንዷ መሐረብ ጨመረችበት። በዓመቱ መሐረቡ ፎጣ ሆነ፤ ፎጣው የብርጭቆ ስብስብ፣ ብርጭቆው የግድግዳ ሰዓት። መግዣ ያጣ ልጅ ገና ሲደርስ «አሞኛል» እያለ መቅረት ጀመረ። ይህን የምለው ለሠራሁት ሥራ ሰበብ ለመደርደር አይደለም፤ እውነት ስለነበረ ነው።

ያን ዓመት የኮምቦልቻ ወጣቶችም ከእኛ ጋር ስለተቀላቀሉ እጣው የጋራ ሆነ። ለእኔ የደረሰችኝ ይታይሽ ናት። ከሐርቡ ወገን መጥታ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ክር ላይ የምትሠራ፣ ዝምተኛ ልጅ። ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ቅዳሜ ለመዝሙር ልምምድ ኮምቦልቻ ወረድን። የደሴ የታኅሣሥ ብርድ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ የሐረጎን ተራራ አልፈህ ስትወርድ ሹራብህን ታወልቃለህ፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ሸሚዝህም ይከብድሃል። ልምምዱ ሲያበቃ ይታይሽ ሸንኮራ አገዳ እየቆራረጠች አደለችንና እስከ ሚኒባስ ተራ ሸኘችን። መንገድ ላይ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትስቅብኝም?»

«አልስቅም።»

«ያ የገናው ስጦታ… ስም ይጻፍበታል?»

«አዎ፣ መጠቅለያው ላይ ይጻፋል።»

«የአባትም ስም?»

«ከተፈለገ።»

የሸንኮራውን ልጣጭ ከመንገዱ ዳር ጣለች። «ቤት እያለሁ ለበዓል የሚገዛው ልብስ የታላቄ ነበር፤ ሲጠባት ለእኔ ያልፋል። ፋብሪካም የምጠራው በካርድ ቁጥሬ ነው። እና ስሜ የተጻፈበት ነገር ሲሰጠኝ ማየት አማረኝ። ሞኝ ነኝ አይደል?»

«ምን ሞኝነት አለው» አልኩ። ስሟ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት እኮ ያን ጊዜ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ረዳቱ «ግባ ወንድሜ፣ ወላሂ አንድ ሰው ነው የቀረኝ!» እያለ ገፍቶ አስገባኝ።

ዳገቱን ስንወጣ ምን እንደምገዛላት አሰብኩ። ሻርፕ? ጓደኞቼ «አጨሃት እንዴ?» ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል። ብርጭቆ? ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ለምትኖር ልጅ? ሚኒባሱ ደሴ ሲገባ ምንም አልቆረጥኩም ነበር።

በሳምንቱ ግን ሌላ ነገር ቆረጥኩ። ደሴ ላይ ተሰብስበን ሳለ ብድግ ብዬ «ገናን ገበያ አደረግነው» አልኩ። ያኔም ምላሴ ስል ነበር። ስለ በረቱ ተናገርኩ፣ መግዣ አጥተው ስለሚቀሩት ልጆች ተናገርኩ፣ አንዳንዶቹን አስለቀስኳቸው። የተናገርኩትን ሁሉ ዛሬም አምንበታለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያ እውነት የሆነ ስብከት እኔን ሻርፕ ከመግዛት ገላገለኝ፤ ይህን ደግሞ እየተናገርኩም አውቀው ነበር። «የምትስማሙ እጅ አውጡ» ሲባል ሁሉም አወጣ። ይታይሽ ከኋላ ወንበር ላይ ከሁሉም ዘግይታ እጇን ስታነሣ አየኋት። ስጦታ ቀረ፤ በምትኩ ጥቅስ የተጻፈበት ወረቀት ልንሰጣጥ ተስማማን።

ገና ደረሰ። ድፎ ዳቦው ተቆርሶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ እጃችንን ታጥበን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ለይታይሽ የጸለይኩባቸው ቀናት የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። ጥቅሱንም የገለበጥኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ ከደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት ላይ ነው። ተራዬ ሲደርስ «የጸሎት ጓደኛዬ ይታይሽ ነበረች» ብዬ ሰጠኋት።

ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አነበበችው። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው።

«ስሜ የለበትም?» አለች ቀስ ብላ።

ደነገጥኩ። አፈኛ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ዝም አይልም። «ስምሽንማ እግዚአብሔር ያውቀዋል!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ «አሜን!» ያሉም ነበሩ። እሷም አብራ ሳቀችና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የኮምቦልቻዎቹን ልንሸኝ ወጣን። ይታይሽ ሻሿን ለማውጣት ቦርሳዋን ስትከፍት በቀይ የስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አየሁ። ላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ከነአባት ስም፣ «ለቤዛ» የሚል ተጽፎበታል። ቤዛ የእሷ የጸሎት ጓደኛ ነበረች፤ ክቡ ላይ የሰጠቻት ግን እንደ ሁላችንም ጥቅስ ብቻ ነው። ይታይሽ ማየቴን አየች።

«ከመወሰኑ በፊት የገዛሁት ነው» አለችኝ፣ ጥፋት እንደተገኘበት ሰው አንገቷን ደፍታ። «ደንብ አፈረሰች እንዳይሉኝ ብዬ ነው ያልሰጠኋት።»

የሚኒባሱ በር ተዘጋ፤ ሄዱ። ያን ዕለት በራሴ አፈርኩ፤ እፍረቱም አልለቀቀኝም።

ፋሲካ ሳይደርስ ሻርፕ ገዛሁ። ጓደኞቼ ምን ይሉኝ ይሆን ማለቱን ትቼ ከላዩ ሙሉ ስሟን ጻፍኩና ኮምቦልቻ ወረድኩ። በሩን የከፈተችልኝ አብራት የምትኖር ልጅ ናት።

«ይታይሽማ ዓረብ አገር ሄደች እኮ፤ ወር ሆናት። አብሽር፣ እናቷ ወደዚህ ሲመጡ እሰጥልሃለሁ» አለችኝ።

ትቼላት ተመለስኩ። ይድረሳት አይድረሳት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሩትን ስጦታዎች አንድ በአንድ እያነሣሁ ከነአባት ስም ጻፍኩባቸው። ሩት «አባዬ፣ የክፍል ስም መጥሪያ አስመሰልከው እኮ» ብላ አሾፈችብኝ። አራተኛው ፔርሙዝ ዛሬም አይገባኝም። የሚዘፍነው ዛፍ ባትሪው ከሳምንት እንደማያልፍ፣ ከዚያ ከአልጋ ሥር እንደሚወረወር አውቃለሁ። ስብከቴንም አልተውኩትም፤ ሩት ታውቀዋለች። ስም መጻፉን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ሁሉንም ስጨርስ ከፌስታሉ ሥር አንድ ትንሽ ጥቅል ቀረ። ልጽፍበት ሳነሣው ሩት «እሱን ተወው፣ ያንተ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ደግሞ ምን አስገዛሽ!» ብዬ ተቆጣሁ። እየተቆጣሁ እጄ ላይ መዘንኩት። ለስለስ ያለ ነገር ነው። ከዚያ ገለበጥኩት፤ መልሼ ገለበጥኩት። «ለ» ይላል፤ መስመሩ ባዶ ነው።

«ስሜ የለበትም?» አልኩ።

ሩት የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።