የበለዘው ጥርሴ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ላውጋችሁ። ያደግሁት ስምጥ ሸለቆ ነው፤ የጉድጓዳችን ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሴ በልዟል። የጤና ባለሙያ ሆኜ አምበር በምትባል ከተማ ተመደብኩና፣ በቧንቧ ውሃው ላይ ጥቂት ፍሎራይድ ስለመጨመር ሕዝቡን አወያይ ተባልኩ።

አፌን በጋቢዬ ጫፍ ሸፍኜ፣ ለጥርስ ያለውን ጥቅም አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ ጨዋነቴን ወደዱት፤ ውሃቸው እንዲነካ ግን አልፈለጉም። ጆሯቸው የደከመ አንድ የቅኔ መምህር ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ትሕትናህስ ደስ ይላል፤ ግን ድምፅህ አልተሰማኝም። እስቲ አፍህን ግለጠው።»

ገለጥኩት። መምህሩ ጠጋ ብለው አዩኝ።

«ምን አግኝቶት ነው ጥርስህ እንዲህ የበለዘው?»

ፍሎራይድ ሲበዛ ያበልዛል፣ በልኩ ሲሆን ግን ያጠነክራል ማለት ነበረብኝ። በሕይወቴ አጭሼ የማላውቀው እኔ፣ «ሲጋራ ነው፣ የኔታ» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ አማተበ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ሁለተኛ እንዳላጨስ በሕዝብ ፊት ገዘቱኝ። አንገቴን ደፍቼ መስቀሉን ተሳለምኩ።

የኔታ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይህ መድኃኒት እንዲህ ካለው ጥርስ የሚያድነን ከሆነማ ይጨመርልን!»

እጁን ያላወጣ ሰው አልነበረም።