ከቤት ቤት የዞሩት ስድስት ፍራሾች

በነገሩ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልዘርዝር። እኔ፣ ዓረብ አገር ጀበል አሊ የመጋዘን ዕቃ ተቆጣጣሪና የማኅበራችን ሰብሳቢ። ባለቤቴ፣ ስሳሳት ከእኔ ቀድማ የምታውቅ። ልጄ፣ ሻርጃ ኮሌጅ ባዮሎጂ የምትማር። በሰው ቤት ተመላላሽ ሆና የምትሠራ የወሎ ልጅ። አል ጁርፍ ክፍል ተከራይታ ለእሷ ቢድ ስፔስ፣ ማለትም የአንድ አልጋ ቦታ፣ የምታከራያት የማኅበራችን አባል። በመጨረሻም ትኋኖቹ።

ማኅበራችን ስድስት ቤት ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። በወር አንድ እሁድ በየተራ እየተሰበሰብን የታመመ እንጠይቃለን፣ ሥራ ያጣ እናግዛለን። ከስምንት ወር በፊት አንዱ አባል ለተራው ብሎ ሶፋ በዱቤ ገዛ። ተቆጣሁ። ለታይታ ዕዳ መግባት ነውር ነው ብዬ ሕግ አወጣሁ፦ ሁላችንም መሬት ላይ በአንድ ዓይነት ፍራሽ እንቀመጥ፣ ፍራሾቹም ከባለተራ ወደ ባለተራ ይዙሩ። ስድስቱን ስስ ፍራሾች ያመጣሁትም እኔ ነኝ፤ የሠራተኞች መኖሪያ ሲለቀቅ በርካሽ አገኘኋቸው። በአምስቱ ቤት ዞሩ። የአል ጁርፉ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ስብሰባም ፍራሽም ደርሶት አያውቅም።

የወሎዋ ልጅ ማኅበሩን በተቀላቀለች ሰሞን ካራማ ያለው ቤታችን ውስጥ ትኋን ታየ። ከሱቅ የገዛሁትን መርጫ ባርከፈክፍ ባርከፈክፍ አልሞት አለ። ሌሎቹ ቤቶችም ያው ሆኑ። በስብሰባ መሀል ተነሥቼ፣ “ይህ ነገር የመጣው ከአዲሷ አባላችን ጋር ነው” አልኩ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የክፍሉ ተከራይ አል ጁርፍ ገብታ የልጅቷን አልጋ ብትፈትሽ እውነትም ትኋን አገኘች። ወዲያው ደወለችልኝ።

“ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። እርስዎ ካሉ በወሩ መጨረሻ አስወጣታለሁ።”

“አስወጫት” ልል ስል ልጄ እጄን ያዘች።

“አባዬ፣ ማስረጃህ ምንድን ነው?”

“አልጋዋ ላይ ተገኘ።”

“ያንተስ አልጋ ላይ አልተገኘም?”

ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ትኋን ክንፍ የለውም፤ ሩቅ አገር የሚያደርሰው ሰውና የሰው ዕቃ ነው። ሰው ካልተመላለሰ የየቤቱ ትኋን እርስ በርሱ ብቻ ይዋለዳል፤ እየቆየም የአንዱ ቤት ዘር ከሌላው ይለያል። ሰው ሲመላለስ ግን ዘሩ ይደባለቃል። አንድ ቦታ መርዝ የሚችል ዘር ካለ፣ ያ ጠባይ በሰው ጫንቃ ተጭኖ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል።

“የእኛ ከእሷ የመጣ ከሆነ” አለች፣ “የእሷም መርዙን መቻል አለበት። እሁድ እንፈትነው።”

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ለቅሜያለሁ። ልጆቼን ሳትመረምሩ አትፍረዱ እያልኩ አሳድጌያለሁ። አሁን እምቢ ብል በገዛ ቤቴ ውሸታም ልሆን ነው። ተከራይዋን እስከ እሁድ ጠብቂ አልኳት።

እሁድ ማኅበሩ እኛ ቤት ተሰብስቦ፣ ሻርጃ ከሚኖር አንድ አባል ቤት፣ ከእኛና ከአል ጁርፍ አሥር አሥር ትኋን በጠርሙስ ቀረበ። የወሎዋ ልጅ የራሷን ጠርሙስ በፌስታል ይዛ፣ ከተከራይዋ ጋር መጣች።

“ዋላሂ ጋሼ፣ ሜትሮ ውስጥ አቅፌው ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ማር መስሏቸዋል!”

በየጠርሙሱ በዚያው መርጫ የራሰ ቁራጭ ጨርቅ ከተን አፉን በሻሽ አሰርንና ምሳ በላን። ስንመለስ የአል ጁርፎቹ አሥሩም በጀርባቸው ተዘርረዋል። የእኛና የሻርጃው ግን ጨርቁ ላይ ይንሸራሸራሉ።

ልጅቷ አየች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። “የእናንተዎቹ የመኖሪያ ኢቃማ ያላቸው ናቸው! የኔዎቹ ምስኪኖች ገና በቪዚት ቪዛ የመጡ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተከራይዋ እንኳ እንባዋን ጠረገች።

ልጄ፣ “አሥር አሥር ትንሽ ነው፤ ዘራቸውን በላቦራቶሪ አላየንም” አለች። “ግን እሷን የምታስወጣበት ምክንያት የለህም። ይልቅ፣ እሷ ቤት ሳይደርስ አምስቱን ቤት ያዳረሰው ምንድን ነው?”

ባለቤቴ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ተቀመጥኩበት አየች።

“እስቲ ተነሥ።”

ተነሣሁ። የፍራሹን ስፌት በመቀስ ተረተረችው። በውስጡ ያየሁትን አልገልጸውም። የሠራተኞቹ መኖሪያ በየጊዜው መድኃኒት ይረጭ እንደነበር የሸጠልኝ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ እኔም ንጽሕና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ከዚያ ሁሉ መርዝ የተረፉትን ጠንካሮች ነው በገዛ ሕጌ ለየቤቱ ያደልኩት።

እዚያው እንደቆምኩ ልጅቷን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። በሰው ፊት የከሰሰ ሰው ጓዳ ገብቶ ይቅርታ ሊጠይቅ አይገባውም።

“ኸላስ፣ በቃ ጋሼ፤ አልጋዬ አልጋዬ ሆኖ ይቀጥላል?” አለች። ተከራይዋን አየኋት።

“የራሷ ነው” አለች ተከራይዋ። “እኔም ይቅርታ እህቴ።”

ፍራሾቹን በላስቲክ ጠቅልለን ጣልን፤ አምስቱን ቤት በሙቀት የሚያጸዱ ባለሙያዎች ጠራን። የአል ጁርፉን ክፍል የሱቅ መርጫ በቃው፤ እሱን እኔ ገዛሁ። የባለሙያዎቹንም ብቻዬን ልክፈል ብል ማኅበሩ አልሰማኝም፤ ለስድስት ተካፈልነው። የአል ጁርፍ ድርሻ ይቅር ብንላት ልጅቷ፣ “እኔም ፍራሹ ላይ ተቀምጫለሁ!” ብላ ከተከራይዋ ጋር ድርሻቸውን አወጣች። የባለሙያዎቹ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፣ የከሰስኳት ልጅ ክፍል መርጫ አሥራ አምስት፤ በድምሩ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አሥራ አምስት ድርሃም።