ለምርመራ የተላከው እንግዴ ልጅ

ሰው ገና ሳይወለድ ካንሰር ሊይዘው እንደሚችል የሰማሁት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነው። ሆዴ ከወሩ በላይ ስለገፋ የደሴ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚያ ማኅፀን ውስጥ ያለውን እንደ ቴሌቪዥን የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ አንድ ጥቁር ነጥብ በጣቱ እየነካ፣ ከፅንሱ ኩላሊት በላይ እብጠት እንዳለ ነገረኝ። «እጅግ ብርቅ ነው» አለ፣ የሚያጽናናኝ መስሎት። ስኳር እንኳ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ይህ ብርቅ ነገር ያለ ሰልፍ ለእኔ መታደሉ አናደደኝ።

ቀጥሎ ያለው ግን አስፈራኝ። እንዲህ ያለው እብጠት አንዳንዴ ደም ተከትሎ ወደ እንግዴ ልጁ ይሻገራል አለ። ስለዚህ ስወልድ እንግዴ ልጁ እንዳይቀበር፣ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ እንዲላክለት አዘዘ። ንጹሕ ከሆነ እብጠቱ ካለበት አልወጣም ማለት ነው፤ ልጁን ቀዶ ማዳን ይቻል ይሆናል። ካልሆነስ ብዬ ብጠይቀው ወደ መሣሪያው ዞሮ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

ደሴ ተመልሼ አንድ ማለዳ ሴት ልጅ ወለድኩ። ከግንባር ቁስለኛ እየመጣ አልጋ ስለጠበበ ቶሎ ወደ ቤቴ ሸኙኝ። እንግዴ ልጁም ክዳን ባለው ባልዲ አብሮኝ መጣ። ባሌ የሚሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነበርና፣ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን የፋብሪካ መኪና ሹፌር ሊለምን ወረደ። ቤት የቀረነው እኔ፣ ሕፃኗና ሊያርሱኝ ከኩታበር የመጡት አማቴ ነን።

አማቴ እንግዴ ልጅ ጓሮ ሲቀበር እንጂ አልጋ ሥር ሲቀመጥ አይተው አያውቁም። እኔና ባሌ ጴንጤ በመሆናችን ድሮውንም ተቀይመውን ስለነበር፣ ይህም የዚያው ሥርዓት መሰላቸው። «በናንተ ሃይማኖት አይቀበርም?» ብለው ጠየቁኝ። የሐኪም ትእዛዝ ነው ብላቸው ሐኪሙም ጴንጤ ነው ብለው ደመደሙ።

ምሬታቸውን ይዘው አጥር ሥር ሄዱና ለጎረቤታችን አወጓት። «ምን ላርግ እቴ፣ እንግዴ ልጁን አልጋ ሥር ደብቀውታል። ነገ በጧት በመኪና አዲስ አበባ ሊያሻግሩት ነው።»

ጎረቤታችን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ንቁ አባል ነበረች፤ ጆሮዋ ግን እንደ እሷ ንቁ አልነበረም። የሰማችው «እንግዳ ልጅ» ብላ ነው። ያኔ ቤት የሚያድር እንግዳ ሁሉ ቀበሌ ይመዘገባል። አልጋ ሥር የሚደበቅ ልጅ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለግ ነው። የተደበቀው ጴንጤ ቤት ሲሆን ነገሩ ይብሳል።

ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በራችን ላይ ቆመ። የቢስቲማ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል።

«እንግዳው ልጅ የታለ?»

«አልጋ ሥር ነው» አሉ አማቴ ሳያቅማሙ። በመጨረሻ የሚቀብርላቸው ሰው የመጣ መስሏቸዋል።

«መቸ ነው የመጣ?»

«ዛሬ ጧት ነው የወጣ።»

«ከየት ነው የወጣ?»

አማቴ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ከሷ ነዋ።»

ሰውየው እኔን አየት አደረገና ነገሩን ለጊዜው ተወው። «ወዴት ልትልኩት ነው?»

«አዲስ አበባ፤ ለምርመራ።»

ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ቅር ያለው ይመስላል። «እኛ እያለን አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬደው እማማ? እዚህ መርማሪ ጠፋ?»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ዝም በይ አለኝ። ተንበረከከና ጠመንጃውን ወደ አልጋው ሥር ደግኖ፣ ባልዲውን «ውጣ፣ እጅህን ወደ ላይ» አለው። ባልዲው ዝም ሲለው ጎትቶ አወጣውና ክዳኑን ከፈተ። ፎርማሊኑ ዓይኑን አቃጥሎት እንባው እየወረደ «ወላሂ፣ ምንድን ነው ይኸ?» አለ።

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ስለ ጠመንጃው አልነበረም። ባልዲውን እንዳይደፋው ነበር። «እንዳትደፋው» አልኩት። «ልጄ ትኖር እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው።» ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ እያለቀስኩ ነገርኩት።

ሰውየው ክዳኑን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ገጠመ። «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያሽራት» አለኝ። ወዲያው አብዮተኛ አላህ እንደማይጠራ ትዝ ብሎት ማን ሰማኝ ብሎ ወደ በሩ ዞሮ አየ።

በማግስቱ ባሌን አጅቦ ባልዲውን ራሱ ኮምቦልቻ አወረደው። ኬላ ላይ ወታደሮቹ ክዳኑን ሊከፍቱ ሲሉ «ለምርመራ የሚሄድ ነው፣ አይነካም» ብሎ አስቆማቸው። ወታደሮቹም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቁም።

እኛ ቤት ስልክ ስላልነበረ ለሐኪሙ የሰጠነው የቀበሌውን ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ መልስ የጠበቅንበት ጊዜ ሳቅ የለበትም። ልጄን ባጠባኋት ቁጥር እጄ ሳላዘው ጎኗን ይዳስሳል። አማቴም ስለ መቅበር ዳግመኛ አላነሱም።

አንድ ከሰዓት ያ ሰው ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ። በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና በስብሰባ ድምፁ አወጀ። «እንግዴ ልጁ ተመርምሮ ምንም ስላልተገኘበት ነጻ ነው።»

አማቴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ እኔም አቅፌያቸው አለቀስኩ። ልጄን ቀደው እብጠቱን አወጡላት። ዛሬ እሷም እናት ናት፤ ጎኗ ላይ ጠባሳው አለ።

በእነዚያ ዓመታት ከሰፈራችን ለምርመራ የተወሰደው ብዙ ነው። ነጻ ነው ሲባል የሰማሁት ግን ስለ እንግዴ ልጁ ብቻ ነው።