ዋሪቱ ማረፍ ስትማር

ዋሪቱ ከመቱ ብዙም የማይርቀው የዳሪሙ ወረዳ ልጅ ናት። በወጣትነቷ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ የሩጫ ክለብ ገባች፤ ስማቸው በሬዲዮ ከሚጠራ አትሌቶች ጋር ሮጠች፣ አብራ በላች፣ አብራ አደረች። እሷን ግን አልቀናትም። የተረከዟ ጅማት ሲታመም ችላ ብላ ሮጠችበት፤ ሲብስባት ክለቡ አሰናበታት። ወደ አገሯ ተመልሳ መቱ ከተማ ኪቲላ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አገባች፣ መናኸሪያው አጠገብም የጫማ ሱቅ ከፈተች። የከተማው ሰው እስከ ዛሬ የሚጠራት "አትሌቷ" እያለ ነው።

አንድ ክረምት ኪቲላ ከያዮ ቡና ጭኖ ሲመለስ ጭቃው መኪናውን አንሸራቶ ገለበጠበት። ወገቡ ተጎዳ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ እግሮቹ አይታዘዙትም ነበር።

"ሊሻለው ይችላል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል" አላት ሐኪሙ።

ዋሪቱ ነገሩን በእልህ ያዘችው። ታነሳዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች፣ እግሩን ታሸዋለች፤ ከዚያ ሮጣ ሱቋን ትከፍታለች። የኪቲላ እህት ኡርጂ ከኖፓ መጥታ ባየቻት ጊዜ ደነገጠች።

"አልቀሻል እኮ! እኔ ልምጣና ላግዝሽ።"

"ሚስቱ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል?" አለች ዋሪቱ።

መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ "ጀባዱ፣ በርቺ! አንቺ አትሌት ነሽ፣ ይቺ ለአንቺ ምን አላት?" ይላታል። መጀመሪያ ደስ ይላት ነበር። እየቆየ ግን "በርቺ" ሲሏት ጀርባዋ ላይ ሌላ ጆንያ የጫኑባት ይመስላት ጀመር። አትሌት ደግሞ ደከመኝ አይልም።

አንድ እሑድ ጠዋት ኪቲላን ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውር ያ የታመመ ተረከዟ ከዳትና ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ። እሱ ምንም አልሆነም። እሷ ግን ሲሚንቶው ላይ እንደተጋደመች ቀረች።

"ተጎዳሽ እንዴ?"

"አልተጎዳሁም።"

"ታዲያ ተነሺ።"

"ተወኝ ኪቲላ። እዚሁ ትንሽ ልተኛ።"

ኪቲላ በክርኑ ተደግፎ ወደ እሷ ዞረ። "ስለዚያች ስለ ሰኚ የነገርሽኝ ትዝ ይልሻል?" አላት።

ሰኚ የክለቡ ዋና ሯጭ ነበረች። አንድ ውድድር ላይ እየመራች ሳለ ጉልበቷ ቢያማት መንገድ ዳር ወጥታ ቁጭ አለች። ሰው ሲጮህባት ጃኬቷን ደረበች። ዋሪቱ በዚያው ውድድር ተረከዟን እያመማት፣ እያነከሰች ጨረሰች፤ ሕዝቡም አጨበጨበላት። ሰኚ ታክማ በሚቀጥለው ዓመት ውጭ አገር አሸነፈች። ዋሪቱ ግን ከዚያ ወዲያ ተወዳድራ አታውቅም።

"ከእኔና ከሰኚ ማን ናት ጎበዝ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔ አንቺ ነሽ አልኩሽ" አለ ኪቲላ።

"አሁንስ?"

"አሁን ለኡርጂ ደውይላት።"

ደወለች። "ኡርጂ፣ ደክሞኛል" አለቻት።

ኡርጂ በሳምንቱ ጓዟን ይዛ መጣች። ዋሪቱ መጀመሪያ አላስቀመጠቻትም፤ ትራሱን እንዲህ አድርጊ፣ ውሃው ቀዝቅዟል እያለች ትከተላታለች። ውሎ አድሮ ግን ከሰዓት በኋላ መተኛት ጀመረች። "አትሌቷ ባሏን ለሰው ጥላ ትተኛለች" መባሏን ስትሰማ ቅር አላት፤ ቢሆንም ተኛች።

በዚያው ሰሞን አንድ ትምህርት ቤት "ከታላላቅ አትሌቶች ምን እንማር?" በሚል ርዕስ ተማሪዎቹን እንድትመክር ጋበዛት። ጽናትን ታወራለች ብለው ሲጠብቁ፣ "እኔ ያየኋቸው ትልልቆቹ ሯጮች ሕመማቸውን አይደብቁም። ሲደክማችሁ ለሰው ንገሩ" ብላ ተቀመጠች። ርዕሰ መምህሩ ሌላም የምትለው ያለ መስሎት ጠበቀ። ጭብጨባው ሳሳ ያለ ነበር።

ኪቲላ ዛሬ በክራንች እስከ ግቢው በር ይደርሳል። የመኪና መሪ ዳግመኛ እንደማይጨብጥ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አያነሱትም። የዋሪቱም ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

ቡና ለቀማ ሲደርስ ኡርጂ ወደ ኖፓ ተመለሰች። ዋሪቱ ወደ ጎረቤቷ ወደ እትዬ ሀረገወይን በር ሄዳ፣ ቃሉ አፏ ውስጥ እየተያዘባት፣ "ጠዋት ጠዋት ኪቲላን አብረውኝ ያነሱልኛል?" አለቻቸው።

"እኔማ ላግዝሽ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁሽ እንጂ" አሏት።