ከታምራት ሱቅ ያልወረደው ማሊያ

ዛሬ ኮዝሞ ሲቲ፣ ታምራት ሱቅ ገብቼ ቀና ስል ከዳቦው መደርደሪያ በላይ የኛ አረንጓዴ ማሊያ ተሰቅሏል። ክው አልኩ።

ለማታውቁ፦ ድሮ እዚህ ስደት አገር እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ የየሰፈሩ ሐበሻ ባለሱቆች ኳስ እንጋጠም ነበር። ለዋንጫ ሁሌ የምንደርሰው እኛ ጀፕስታውኖችና ታምራት አምበል የሆነበት ኮዝሞ ሲቲ ነበርን።

የተሸነፈው አምበል የአሸናፊውን ማሊያ እስከሚቀጥለው ፍጻሜ ሱቁ ውስጥ ይሰቅላል። ደንበኛ "የማነው?" ሲለው መሸነፉን መናገር ግዴታው ነው።

የመጨረሻውን ዋንጫ እኛ በፔናልቲ በላን። (ታምራት ዛሬም "ፔናልቲ አልነበረም" ይላል። ነበር!)

"እስካሁን አላወረድከውም እንዴ?" አልኩት።

"ሌላ ፍጻሜ መች ተደረገና?"

እውነቱን ነው። አንዱ ኬፕታውን ወረደ፣ ሌላው አገር ቤት ገባ፣ የቀብራቸው ቀን የተሰበሰብንላቸውም አሉ።

"ስንት ቀራችሁ?" አለኝ።

በጣቴ ቆጠርኩ። "አምስት።"

"እኛ ስድስት!" ፊቱ በራ። "አስራ አንድ ሞላን እኮ!"

ተቃቅፈን ሳቅን። ተጋጣሚ እንደሌለን ትዝ ያለን ከዚያ በኋላ ነው።

በሌላ ሰፈር ስትጫወቱ የነበራችሁ፣ እናንተስ ስንት ቀራችሁ? አስራ አንድ ባትሞሉም ጻፉልኝ። ታምራት ያንን ማሊያ ያለ ጨዋታ አያወርደውም።