ሸሸ የተባለው ባሕር

ዘመኑን በትክክል ብትጠይቁኝ ጠፍቶብኛል። እምቦጭ የሚሉት አረም ጣናን ከወረረ በኋላ እንደ ነበር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ እሱን እየረገምሁ ነበርና የማርሰው። ዓመት ወዲህ ወዲያ ብል መቼም ጣና አይከሰኝም።

እኛ ከባሕር ዳር ወጣ ብለን ዳርቻው ላይ የምንኖር ገበሬዎች፣ በበጋ ውኃው ሲጎድል ከሥሩ ብቅ የሚለውን ጥቁር መሬት «ባሕር ሸሽ» እንለዋለን። ስሙን ያወጣው ሰው ጉረኛ መሆን አለበት። ባሕሩ ማንን ፈርቶ ይሸሻል? እኔን? አንዳይናውን በሬዬን? ደጁን ክፍት ትቶ ዘመድ ጥየቃ እንደ ሄደ ባለቤት ነው እንጂ። እኛ ግን እሱ ሲወጣ ጠብቀን ገብተን እናርስና፣ ይባስ ብለን ወሰን እንካለላለን።

ያን ዓመት የቤተሰቤን የክረምት ቀለብ በሙሉ በቆሎ አድርጌ እዚያ ላይ ዘራሁት። ከጎኔ የምታርሰው ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ አየችኝና፣

«ጋሼ፣ ወደ ውኃው እጅግ ወረዱ። ወደ እኔም ገፋ አሉ» አለችኝ።

«ችካሉ የት አለና ነው የምትፈርጂው?»

«ችካሉማ ጉማሬ ተኛበት።»

እውነቷን ነው፤ ጉማሬ ወሰን አያውቅም። ቢሆንም ተኳረፍን፣ ሰላምታም ተውን። በመጨረሻ የነፍስ አባቴ ሊያስታርቁን መጡ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ በገመድ እናስለካ ብለው መካከላችን ሲቆሙ አንድ እግራቸው እስከ ጉልበት ሰመጠ።

«አባቴ፣ እግርዎ ያረፈው በማን በኩል ነው?» አልኋቸው።

«በሰይጣን በኩል! ጎትተህ አውጣኝ!»

እኔና እሷ ግራና ቀኝ ይዘን አወጣናቸው። ጫማቸው እዚያው ቀረ፤ እርቁም አብሮ ቀረ።

አልፎ አልፎ ከከተማ ሰዎች ይመጡና «ተፈጥሮን መጠበቅ አለብን» ይሉናል። የጠጡበትን ፕላስቲክ ጥለው ይመለሳሉ። እኔ ተፈጥሮን ጠብቄ አላውቅም። እሷ ናት እኔን የምትጠብቀኝ፣ ድመት አይጥን እንደምትጠብቅ።

ሰኔ ሳይጋመስ ዝናቡ ወረደ። በቆሎው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንድ ጠዋት ብወርድ ባለቤቱ ተመልሷል። ውኃው አገዳው ወገብ ድረስ ቆሟል፤ እምቦጩንም እንደ ጋቢ ተከናንቦ ነው የመጣው። ልጆቼ መራዊ ከተማ አጠገብ የመስኖ ሥራ ላይ ናቸው። ጉልበቴ እንኳን ውኃ ደረቅ መሬትም አይችል። ክረምቱን ምን እንደምንበላ እያሰብሁ ዳር ቆሜ ጣናን እሰድበው ጀመር።

«አንተ ሆዳም! ሳምንት ብትታገሥ ምን አለበት?»

እሱ ግን ከፍ ከፍ ማለቱን አልተወም።

ይኸኔ ዳር ከበቀለው የደንገል ቄጠማ መሀል ታንኳ ብቅ አለ። ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ የተወላትን ታንኳ በዘንግ እየገፋች መጣች። የእሷ በቆሎ ከፍ ካለው ላይ ስለ ነበር ውኃ አልነካውም።

«ጋሼ፣ ስድቡ ይቆይዎትና ይግቡ።»

«ወሰኔን አልፈሽ መጣሽ?» አልኋት፤ ኩርፊያ መቼም በቀላል አይለቅም።

«የቱ ነው ወሰኑ? ያሳዩኝና እመለሳለሁ።»

ዞር ብዬ አየሁ። እስከ ዓይኔ መድረሻ ውኃ ነው። ሳቄ መጣ፣ እሷም ሳቀች፤ ገባሁ።

እሷ ታንኳውን ትይዛለች፣ እኔ በቆሎውን እገነጥላለሁ። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ዳር ወጥተን እናራግፋለን፣ ተመልሰን እንገባለን። «ቀስ ይበሉ፣ ከነበቆሎዎ ቢሰጥሙ የማዝነው ለበቆሎው ነው» ትለኛለች። እስኪመሽ እንዲህ ዋልን። ያልደረስንበትን ጉማሬ በላው፤ ይብላው፣ እሱም ቤተሰብ አለው። ያወጣነውን እኔና ቤተሰቤ ከምድጃ በላይ ሰቅለን አደረቅነውና ክረምቱን ሳንራብ ወጣነው።

የነፍስ አባቴ፣ የደብሩ ታቦት ነው ያተረፈልህ ይሉኛል። ተስዬ ነበርና ስለቱን አገባሁ፣ አልከራከራቸውም። ታንኳውን ይዛ የመጣችው ግን ያቺ የወሰን ባላጋራዬ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት።