ትንፋሼ የሚያልቅበት ቦታ

እኔ ዋሽንት እነፋለሁ፣ ጓደኛዬ ማሲንቆ ይመታል። ሁለታችንም ገበሬዎች ነን። ገብሱ ታጭዶ ከገባ በኋላ ሠርግ የሚደግስ ሰው ይጠራናል፣ እንሄዳለን፣ በልተን ጠጥተን እንመለሳለን። ጎልማሶች ሳለን ጀምረን ፀጉራችን እስኪሸብት እንዲሁ ነበርን።

ስለ ሥራችን ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባም። ዋሽንት ሸምበቆ ነው። ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ ተበሳ፣ ልቃኘው ብል አልችልም። ማሲንቆ ግን መቃኛ አለው፤ ሲያዞሩት የፈረስ ጭራ ክሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ እኔ ድምፅ የሚመጣው እሱ ነው። እኔ እነፋለሁ፣ እሱ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ መቃኛውን ያዞራል። ደግሞ የእኛ የመንዝ ብርድ አለ። ዋሽንት በርዶት ከጀመረ ድምፁ ወርዶ ይጀምርና ትንፋሽ ሲያሞቀው እየወጣ ይሄዳል፤ ማሲንቆው ታች ይቀራል። ስለዚህ ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ በርኖሴ ሥር፣ ብብቴ ውስጥ ይዤው ነው የምሄድ።

"ጫጩቱ ሞቀው?" ይለኛል እሱ፣ ዋሽንቱን ማለቱ ነው።

"ሞቆታል" ስለው ነው መቃኘት የሚጀምር።

ሌላም አለ። ሰው ነኝና ትንፋሽ ያልቅብኛል። ዋሽንቱን ከከንፈሬ ሳነሣ እዚያች ክፍተት ላይ እሱ ደጋኑን ጎተት ያደርግና ይሞላታል። የሚሰማን ሰው እንዳቋረጥሁ አያውቅም። ይህን ተማክረንበት አናውቅም። የት ላይ እንደሚያልቅብኝ ከእኔ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር።

አምና በጥር ሞላሌ አጠገብ ለሠርግ ተጠራን። ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን፣ ጠላ ቀረበልን። እኔ ነፋሁ፣ እሱ መቃኛውን አዞረ። ጆሮውን ግን አላዘነበለም፤ ጣቶቼን ነበር የሚያይ። ስለ ጫጩቱም አልጠየቀኝ። ስንጀምር ማሲንቆው በጣም ወርዷል። በቅንድቤ ጠቀስሁት፣ ፈገግ ብሎ ቀጠለ። አቁሜ "አጥብቀው እንጂ!" አልሁት። "እህ!" አለኝና መምታቱን ቀጠለ።

ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ "ኧረ አባቶች፣ ማሲንቆው ጠላ ሳይበዛበት አልቀረም!" አለ።

ሌላው ደግሞ "ዋሽንቱ ወደ መሐል ሜዳ፣ ማሲንቆው ወደ ዓለም ከተማ እየሄዱ እኮ ነው!" አለ። ዳሱ በሳቅ አወካ። ወዲያው ሞንታርቦውን ከፈቱት፣ ወጣቱ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶን ወደዚያው ዞረ። እሱ ጀርባቸውን ሲያይ ማሲንቆውን በጋቢው ጠቀለለ።

በመንገድ ፊት ፊት ሄደ። ከኋላ ተጣራሁ፣ አልዞረም። እኔም ግትር ነኝ፤ ሁለተኛ አልጠራሁትም። ተኳርፈናል ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ ቀን ከምንገናኝበት ባሕር ዛፍ ሥር አልመጣም። አንድ የሞላሌ ልጅ፣ ማሲንቆውን በሽቦ ከሞንታርቦ ጋር የሚያገናኝ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ከእኔ ጋር ይሞክሩት" አለኝ። አንድ ሠርግ ላይ ሞከርን። ጣቱ ጥሩ ነው፣ ቅኝቱም ጥሩ ነው። ግን ትንፋሼ ሲያልቅ እሱም ቀጥ ይላል። ዳሱ ጭጭ!

"ምነው አቆምህ?" አልሁት።

"እየጠበቅሁዎት እኮ ነው፣ ጋሼ።"

ጨዋ ልጅ ነው፣ ምን ልበለው? አመስግኜው ሄድሁ።

ሁዳዴ ገባ፣ ፋሲካም አለፈ። ኩርፊያውን ዋጥ አድርጌ ወደ ቤቱ ወጣሁ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ የበግ ጠጉር ትፈትላለች።

"ጋሼ! ረሱን ብለን ነበር እኮ" አለችኝ።

"ያኮረፈኝ እሱ ነው።"

"የምን ኩርፊያ! አይሰማም እኮ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጆሮው እየደከመ መጥቶ አሁን ጭራሽ ጠፋ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኛል።"

"ለምን?"

"'ካወቀ ሌላ ሰው ይፈልጋል' ብሎ ነዋ።"

እሱ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ስመጣ አልሰማም፤ ጥላዬ ሲያርፍበት ነው ቀና ያለ። ፊቴን አይቶ አወቀ።

"ነገረችህ አይደል?"

"አዎ!" ብዬ ጮህሁ።

"አፍህ ሲከፈት አይቻለሁ፤ እየጮህህ ነው። ተው። ለእኔ ያው ነው፣ ጎረቤቱን ነው የምታስደነግጥ።"

ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጭራው ላልቷል። አውርጄ ያዝሁት። በእኛ ዘንድ የሰው መቃኛ አይነካም። ከእሱ ጋር ስጫወት ይህን ሁሉ ዘመን ነክቼው አላውቅም። ትኩር ብሎ አየኝ፣ አልከለከለኝም። ዋሽንቱን ከብብቴ አውጥቼ ነፋሁ፣ አዞርሁ፣ ደግሞ ነፋሁ። እጄ አለመደውም፣ ብዙ አስቸገረኝ። ሲሆንልኝ ሰጠሁት።

ጀመርን። ዓይኑ ጣቶቼ ላይ አልነበረም፣ ትከሻዬን ነበር የሚያይ። ትንፋሼ ሲያልቅ ትከሻዬ ዝቅ ሲል ደጋኑ መጣና ሞላልኝ። ልክ እዚያው ቦታ። ዓይኔ ምን እንደገባበት አላውቅም፣ አለቀሰ።

በእጄም በአፌም "እኔ እየቃኘሁልህ ሠርግ እንሂድ" አልሁት።

"ሙሽራ ፊት ተቀምጬ ማሲንቆዬን ሰው ይቃኝልኝ? ስሞት! አንተ ከልጁ ጋር ሂድ።"

"አልሄድም።"

"ሂድ አልሁህ!"

"አልሄድም አልሁህ!"

"ምን አልህ?"

አይሆንም በሚል ራሴን ነቀነቅሁለት። እሱም ከእኔ የባሰ ግትር ነው፤ በዚሁ ቀረ። ሠርግ ሲጠሩን እንቢ እላለሁ፣ አሁንማ መጥራቱንም ትተውታል።

ገበያ ቀን ገበያዬን ጨርሼ ወደ እሱ እወጣለሁ። "ጫጩቱ ሞቀው?" ይለኛል ዛሬም። መልሴን ስለማይሰማ እጁን ይዘረጋል፤ ዋሽንቱን በመዳፉ ጨብጦ "ሞቆታል" ይልና ይመልስልኛል። እቃኝለታለሁ፣ እንጫወታለን። መሐል ላይ ጭራው ይላላና ድምፁ ይወርዳል። እሱ አያውቅም። አገጩን ቀና አድርጎ "እንዴት ነው?" ሲለኝ ደህና ነው በሚል ራሴን አወዛውዛለሁ። ድሮ አንድ ዜማ ሲያምርልን "ሰማሃት?" ይለኝ ነበር። አሁን አይለኝም። ሁለት ሆነን እንጫወታለን፣ የምሰማው እኔ ብቻ።

ስመለስ ሜዳው ላይ ነፋስና በግ እንጂ ሰው የለም። አንዳንዴ ቆም ብዬ እነፋለሁ። ትንፋሼ ሲያልቅ ዋሽንቱን አነሣና ትንሽ እቆያለሁ፣ ልማድ ነው። ምንም አይመጣም። ከዚያ ብብቴ ውስጥ እከተዋለሁ። ወደ ቤቴ ነው የምገባ፣ ቢበርደውም የሚጎዳ የለም። ግን እንዲበርደው አልፈልግም።